«አትጻፊው፣ እኔ ላይ ይመጣል» አለችኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች፣

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በአንድ ነርሲንግ ሆም ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ማርች 6 በማታ ሽፍት አንዲት ነዋሪ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዛውር እግሯ ከዳትና ክብደቷ በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ወገቤ ቀጭ አለ። ግራ ትከሻዬም ተጎትቷል፣ እሱ ግን ያን ያህል አይደለም። ደንቡ ሁለት ሰው እንዲያነሳት ነው፤ ሰው ስላልነበረና የማንሻ ማሽኑ ባትሪ ስላለቀ ብቻዬን ነው ያነሳኋት።

ሱፐርቫይዘሬ ሐበሻ ናት። ሥራውን ያስገባችኝ እሷ ናት፣ የልጄም ክርስትና እናት ናት። ያኔውኑ ነገርኳት። «ዛሬ ሰው እንዳልነበረን ታውቂያለሽ፣ አትጻፊው፣ እኔ ላይ ይመጣል። አራት ቀን ፒቲኦ ውሰጂና እረፊ» አለችኝ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት የዕረፍት ቀን ማለቷ ነው። በማግስቱም «ወገብሽ እንዴት አደረ?» ብላ በዋትስአፕ ጽፋልኛለች። አራቱን ቀን አረፍኩ፣ አልተሻለኝም። በራሴ ኢንሹራንስ ኧርጀንት ኬር ክሊኒክ ሄድኩና ፎርሙ ላይ «ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ነው?» ለሚለው «አይደለም» ብዬ ሞላሁ። እሷን እንዳላስቀይም ብዬ ነው።

አሁን ሦስት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ሕመሙ ወደ ግራ እግሬ ወርዶ ይደነዝዘኛል። ባለቤቴ «ከሥራ ያባርሩሻል፣ ግሪን ካርዳችንም ገና አልመጣም፣ ተይው» ይላል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «30 ቀን ካለፈ አበቃልሽ» አለችኝ። ቅዳሜና እሁድ በኤጀንሲ በኩል አንዲት አሮጊት ቤት እሠራለሁ፣ እሱንም አላቋረጥኩም። በአፌ መናገሬ ይበቃል? ልጻፍ ወይስ ልተወው?

ይሉኝታ ያሰራት፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ የጤና ነገር፦ የእግርሽ መደንዘዝ ወደ ብሽሽትሽ ከመጣ፣ ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽ ወይም እግርሽ መዛል ከጀመረ፣ ወረቀቱ ሁሉ ይቆይና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ቀጥሎ ቀኑ። ከማርች 6 ሲቆጠር 30ኛው ቀን ኤፕሪል 5 ነው። ቅዳሜና እሁዱም፣ በዓሉም፣ ፒቲኦ የወሰድሽባቸው አራት ቀናትም ይቆጠራሉ። ስለዚህ አላለፈብሽም። ግን የሚያሳድር ጉዳይም አይደለም፤ የቨርጂኒያ ሕግ የሚለው አደጋው እንደደረሰ ወዲያውኑ ወይም ከዚያ በኋላ በተቻለ ፍጥነት አስታውቂ ነው፣ 30 ቀን የመጨረሻው ጠርዝ ነው። ሌላም ጉዳት አለው፤ አሠሪው አደጋውን ካላወቀ፣ ሳታስታውቂ በፊት ያወጣሽው የሕክምና ወጪ የማይከፈልበት መንገድ በሕጉ ተቀምጧል። ይህን ያነበብሽበት ቀን የምትጽፊበት ቀን ይሁን።

በአፍ መናገርሽ ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ሕጉ የሚጠይቀው የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው። ሆኖም አሠሪው ወይም እሱን ወክሎ የሚሠራ ሰው አደጋውን ካወቀ፣ ወረቀት ስላልነበረ ብቻ መብትሽ አይቀርም። የሽፍት ሱፐርቫይዘርሽ በዚያች ማታ መስማቷም አሠሪው እንዳወቀ ሊቆጠርልሽ ይችላል። የሚያሳስበኝ ማስረጃው ነው። ከወራት በኋላ በመሐላ ስትጠየቅ «አዎ፣ ነዋሪ ስታዛውር እንደተጎዳች ነግራኛለች» ትላለች? ወይስ ሥራዋ አስፈርቷት «ወገቧን እንደሚያማት አውቃለሁ፣ ሥራ ላይ መሆኑን ግን አልሰማሁም» ትላለች? ሠራተኛዋን ወገቧን ማመሙን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሥራ ላይ መጎዳቷን ማወቅ ሌላ ነው። ሕጉ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። የዋትስአፑን መልእክት እንደገና አንብቢው፦ ወገብሽ እንዴት አደረ ይላል እንጂ ሥራ ላይ ስለመሆኑ ቃል የለውም። ጥሩ ድጋፍ ነው፣ ለብቻው ግን አይቆምም። በይ አሁኑኑ ቀኑና ስሙ እንዲታይ አድርገሽ ስክሪንሹት አንሺው፣ ለራስሽ በኢሜይል ላኪው፣ መልእክቶች በራሳቸው እንዲጠፉ የሚያደርገው ቅንብር በርቶ ከሆነም አጥፊው።

ማስታወቂያው ረጅም መሆን የለበትም፤ በእንግሊዝኛ አምስትና ስድስት መስመር ይበቃዋል። ሕጉ የሚፈልገው የአንቺን ስምና አድራሻ፣ አደጋው የደረሰበትን ጊዜና ቦታ፣ እንዴት እንደደረሰና ምን እንደተጎዳሽ ነው። ለምሳሌ ይህን ሐሳብ ይያዝ፦ «ማርች 6 ከምሽቱ ወደ 9፡40 ገደማ፣ በሁለተኛው ፎቅ፣ አንዲት ነዋሪ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዛውር እግሯ ስለከዳት ክብደቷ እኔ ላይ ወደቀ። በዚያው ቅጽበት ወገቤ ላይ ከባድ ሕመም ተሰማኝ፣ ግራ ትከሻዬም ተጎተተ። የማንሻው ባትሪ አልቆ ነበር፣ ሁለተኛ ሰውም አልነበረም። በዚያው ሽፍት ለሱፐርቫይዘሬ ተናግሬያለሁ። ሕክምና እፈልጋለሁ፣ የሐኪሞች ዝርዝር እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» ሰዓቱንና ፎቁን ለምሳሌ ነው ያስገባሁት፤ የራስሽን አስገቢ፣ እርግጠኛ ያልሆንሽበትን «ገደማ» በይ።

እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ የሚሰናከልባቸው ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አሉ። አንዱ ሰዓት ነው። በልባችን ሦስት ሰዓት ተኩል እያልን «3፡30» ብለን እንጽፋለን፤ የአሠሪሽ የሥራ ጉዳት ኢንሹራንስ ግን ያንን ሰዓት ከሽፍትሽ ጋር ሲያስተያየው ሥራ ላይ እንኳ ያልነበርሽ ሊመስለው ይችላል። በፈረንጆቹ ሰዓት ጻፊ፣ ጠዋት ይሁን ማታም ግለጪ። ሌላው ቀን ነው፦ 6/3 ብለሽ ከጻፍሽ እነሱ ጁን 3 ብለው ያነቡታል። ወሩን በፊደል ጻፊው። ሕጉ በማስታወቂያ ላይ ያለ ትንሽ ስህተት፣ አሠሪው በእሱ ምክንያት መጎዳቱን ካላሳየ በቀር መብትሽን እንደማያስቀር ይናገራል፤ ቢሆንም በኋላ ለመስቀለኛ ጥያቄ ራስሽን ለምን ታጋልጫለሽ?

የነዋሪዋን ስም አትጻፊ፣ የሕክምና መዝገቧንም ፎቶ አታንሺ። «የምከታተላት አንዲት ነዋሪ» ማለት ይበቃል፤ ስሟን ተቋሙ ያውቀዋል። የሕመምተኛ ምስጢር ማውጣት ራሱን የቻለ የመባረሪያ ምክንያት ነው፤ ያንን በእጅሽ አትስጪያቸው።

አላላኩም እንደ ይዘቱ ይታሰብበት። ከግል ኢሜይልሽ ለኤችአር፣ ማለትም ለሰው ኃይል ክፍሉ፣ እና ለአስተዳዳሪው አንድ ላይ ላኪ። የሥራ ኢሜይል ብቻ ከተጠቀምሽ፣ ከሥራ በወጣሽ ቀን ማስረጃሽም አብሮ ይዘጋል። ያንኑ ደብዳቤ አትመሽ በሪኮመንዴ ፖስታ ላኪና ደረሰኙን ያዢ። በእጅ የምትሰጪ ከሆነ ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፤ አንዱን ስጪ፣ በሌላው ላይ የተቀበለው ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ አትከራከሪ፣ ማን እንደተቀበለሽና መቼ እንደሆነ ራስሽ ጻፊበትና ኢሜይሉን ላኪ። የተቋሙን የአደጋ መግለጫ (ኢንሲደንት ሪፖርት) ሙይ ካሉሽ ሙይው፣ ግን ቅጂ ሳትይዢ አትውጪ። ሪፖርቱን ሱፐርቫይዘሯ ከሞላችው ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት አንብቢው፤ «ሠራተኛዋ የወገብ ሕመም እንዳለባት ገለጸች» የሚል መስመር ካለ አደጋው ከውስጡ ወጥቷል ማለት ነው።

ስለ ቀጭታዋ ደቂቃ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቨርጂኒያ በዚህ ነገር ከብዙ ግዛቶች ጠንከር ትላለች። አደጋ ለመባል የሚታወቅ ክስተት፣ የሚታወቅ ጊዜ፣ በሰውነት ላይ ድንገት የደረሰ ለውጥ፣ በመካከላቸውም ግንኙነት መኖር አለበት። ሽፍቱን ሙሉ ስታነሺ ስትጥይ ውለሽ ማታ ያመመሽ ወገብ፣ ሕመሙ እውነት ቢሆንም፣ በዚህ መለኪያ ይወድቃል። አንቺ ያልሽው ግን ግልጽ ክስተት ነው። ኢንሹራንሱ ጉዳዩን የሚከታተል አድጀስተር ይመድባል፤ እሱ ደውሎ ድምፅሽን እየቀዳ ይጠይቅሻል። «መቼ ጀመረሽ?» ሲልሽ በትሕትና «እኛማ ሁልጊዜ እያነሳን ነው፣ ወገባችን መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል» ብለሽ ከመለስሽ ጉዳዩ እዚያው ስልክ ላይ ሊሞት ይችላል። የሆነውን ተናገሪ፦ እግሯ ከዳት፣ ወደቀችብኝ፣ ያን ጊዜ ቀጭ አለ። ሌላ ቀን ቀጠሮ ይዘሽ በአማርኛ አስተርጓሚ መናገር እንደምትፈልጊ መጠየቅ ነውር የለውም። መኪና እየነዳሽ ወይም ሽፍት መሐል ቆመሽ አትመልሺ።

አሁን ወደ ከበደሽ ነገር እንምጣ። ክርስትና እናት የሆነችን ሰው፣ ሥራ ያስገባችን ሰው ማስቀየም ቀላል አይደለም፣ ደብዳቤሽም ከወገብሽ ይልቅ ስለ እሷ ነው የሚጨነቀው። ልጠይቅሽ፦ «እኔ ላይ ይመጣል» ስትልሽ የፈራችው ምኑን ይመስልሻል? የወርከርስ ኮምፕ፣ ማለትም ሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ ካሳ የሚከፈልበት፣ ሥርዓት የሚጠይቀው ማን አጠፋ ብሎ አይደለም። አደጋው ሥራ ላይ፣ ከሥራው ጋር በተያያዘ ምክንያት ከደረሰ ኢንሹራንሱ ይከፍላል፤ አንቺ እሷን አትከሺም፣ ከእሷ ኪስም አንድ ሳንቲም አይወጣም። በማስታወቂያሽ ውስጥ «ተከልክዬ ነበር» የሚል ነገር የግድ አያስፈልግሽም፤ «በዚያው ሽፍት ነግሬያታለሁ» በቂ ነው፣ እውነትም ነው። ቢሆንም አልዋሽሽም፤ ለምን ቶሎ አላሳወቅሽም ብለው ሊጠይቋት ይችላሉ። ያ ጥያቄ ዛሬ ቢመጣባት ግን በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። አንቺ ኦፕሬሽን ደርሶብሽ ነገሩ የካሳ ጉዳዮችን በሚዳኘው ኮሚሽን ፊት ሲቀርብ ቢመጣባት የባሰ ይሆንባታል።

ስለዚህ ከመላክሽ በፊት ደውዪላት፣ ፈቃድ ለመጠየቅ ግን አይደለም። «እህቴ፣ እግሬ መደንዘዝ ጀምሯል፣ ዛሬ ለኤችአር እጽፋለሁ። ያልኩሽን ብቻ ነው የምጽፈው፣ የምጨምርብሽ ነገር የለም። ድንገት ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው» በያት። ብትቆጣ፣ ብታለቅስ፣ ዘመድ ብትልክብሽም ስልኩን ስትዘጊ ደብዳቤው በዚያው ሰዓት ይሂድ። «ቆይ ሰኞ እንነጋገር» የምትል ከሆነ ሰኞ ተነጋገሪ፣ ደብዳቤው ግን ከሰኞ በፊት ይቅደም።

ብቻሽን ማንሳትሽ ያሳፈረሽ ይመስለኛል። አትደብቂው። ሆን ብሎ የታወቀን የደኅንነት ደንብ መጣስ አሠሪው ሊያነሳው የሚችለው መከላከያ ነው፤ ሆን ተብሎ መሆኑን ማስረዳት ያለበት ግን እሱ ነው። ባትሪው አልቆ፣ ሰው ጎድሎ፣ ነዋሪዋ ደግሞ መነሳት ነበረባት። ይህ ሁኔታ ከመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ላይ ከሰፈረ ሰበብ አይመስልም። በዚያ ሽፍት ማን ማን እንደነበረና የትኛው ማንሻ እንደማይሠራ ዛሬ ጻፊው፣ በኋላ ይምታታብሻል።

ኧርጀንት ኬሩ ፎርም ላይ «አይደለም» ያልሽው እውነተኛው እንቅፋት ነው፣ ማስተካከያ ግን አለው። ኮሚሽኑ ፊት በጣም ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ በመጀመሪያ ለሐኪም የተሰጠው ቃል ነው። ክሊኒኩን በጽሑፍ መዝገብሽ እንዲታረም ጠይቂ፤ በፌደራል ሕግ የማረም ጥያቄ የማቅረብ መብት አለሽ፣ ባይቀበሉት እንኳ ጥያቄሽ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ማድረግ ትችያለሽ። ስትጽፊ «ተሳስቼ ነው» ከማለት «ሱፐርቫይዘሬን ላለማስቀየም ብዬ ነው፣ ጉዳቱ የደረሰው ግን ማርች 6 ሥራ ላይ ነው» ማለት ይሻላል፤ እውነቱ ከሰበቡ ይልቅ ያሳምናል። ከዛሬ ጀምሮ ለምታዪው ሐኪም ሁሉ አንድ ዓይነት ታሪክ፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ተናገሪ። ለራስሽ የጤና ኢንሹራንስም ጉዳቱ የሥራ መሆኑን አሳውቂ፣ ያለበለዚያ ቆይቶ የከፈለውን መልሱልኝ ሊል ይችላል። ከኪስሽ የከፈልሽውን ኮፔይ ደረሰኝ፣ ወደ ሐኪም የነዳሽውን ማይል ሁሉ ያዢ፤ ክሌይሙ (የካሳ ጥያቄሽ) ሲጸድቅ ይመለሳል።

ካስታወቅሽ በኋላ አሠሪው ቢያንስ ሦስት ሐኪሞች ያሉበት ዝርዝር ሊሰጥሽ ይገባል። ምርጫው የአንቺ ነው። አንድ ክሊኒክ ብቻ ጠቅሶ «እዚህ ሂጂ» ማለት ዝርዝር አይባልም። ጠይቀሽ ዝርዝር ካልሰጡሽ የራስሽን ሐኪም መምረጥ ትችያለሽ፤ የጠየቅሽበትን ኢሜይል አስቀምጪ። አንዴ ከመረጥሽ በኋላ ግን ያለ ሐኪሙ ሪፈራል ወይም ያለ ኮሚሽኑ ፈቃድ መቀየር ስለማይቻል፣ ስማቸውን ሳታጣሪ ፊት ለፊታቸው አትፈርሚ። ወገብና ነርቭ የሚያይ ሐኪም ከመካከላቸው ካለ እሱን አስቢ።

ቀጥሎ ያለውን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ማስታወቂያ ማለት ክሌይም ማለት አይደለም። ለአሠሪው ማሳወቅ አንድ እርምጃ ነው፤ ሪችመንድ በሚገኘው የቨርጂኒያ የሠራተኞች ካሳ ኮሚሽን ክሌይም ማስገባት ሌላ ነው፣ ጊዜውም አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው። አሠሪውና ኢንሹራንሱ ለኮሚሽኑ የሚልኩት የአደጋ ሪፖርት የአንቺ ክሌይም አይደለም። ኢንሹራንሱ ሐኪሙን እየከፈለ፣ አድጀስተሩ በየሳምንቱ እየደወለ፣ «ተቀብለነዋል» የሚል ደብዳቤ ቢልክም እንኳ የኮሚሽኑ ትእዛዝ፣ እነሱ አዋርድ ኦርደር የሚሉት፣ በእጅሽ ከሌለ ነገሩ አልተቋጨም። ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው፦ 30 ቀኑን ጠብቆ፣ ሁሉም ደህና ሲሄድ ቆይቶ፣ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ክፍያው ሲቆም ክሌይም አስገብቶ እንደማያውቅ ያኔ ይገነዘባል። ፎርሙ በነጻ ነው፤ በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ይገባል። እኔ ብሆን በዚሁ ወር አስገባዋለሁ።

ፎርሙ ላይ የተጎዳውን የሰውነት ክፍል ሁሉ ጻፊ። ደብዳቤሽ ላይ ትከሻሽን «ያን ያህል አይደለም» ብለሽ አልፈሽዋል። ዛሬ ያን ያህል ያልሆነ ትከሻ በስድስተኛው ወር ኤምአርአይ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያልተጻፈ የሰውነት ክፍል ደግሞ ሁለት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ለመጨመር ይቸግራል። ወገብ፣ ግራ እግር፣ ግራ ትከሻ ብለሽ ጻፊ። ኢንሹራንሱ የስምምነት ወረቀት ሲልክም ሦስቱ መኖራቸውን፣ የሳምንት ደመወዝሽም በትክክል መጻፉን ሳታዪ አትፈርሚ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ፦ ሐኪሙ ከሥራ ካሳረፈሽ የሚከፈልሽ ከአደጋው በፊት በነበሩት 52 ሳምንታት ካገኘሽው አማካይ የሳምንት ደመወዝ ከሦስት ሁለት እጅ ነው። አማካዩ 900 ዶላር ከሆነ 600 ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት አይከፈሉም፤ መሥራት ያቃተሽ ጊዜ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን እነሱም ይከፈላሉ። ስለዚህ ያረፍሽባቸው አራት ቀናት ብቻቸውን የደመወዝ ካሳ አያመጡልሽም። ሕክምናው ግን መጠበቂያ ቀን የለውም። ሐኪሙ ቀላል ሥራ ፈቅዶልሽ አሠሪው ላይት ዱቲ ከሰጠሽ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ አትበይ፣ ካሳው ሊቋረጥ ይችላል። ከሐኪሙ ገደብ ውጭ አንሺ ካሉሽ ደግሞ ገደቡ የተጻፈበትን ወረቀት አሳዪና በጽሑፍ ጠይቂ።

ባለቤትሽ ደግሞ የፈራው ቤቱን ነው፣ አትቆጪው። ወረቀቱን አብራችሁ ተቀመጡና ቁጭ ብላችሁ እዩት። ወርከርስ ኮምፕ አሠሪው በገዛው ኢንሹራንስ የሚከፈል የሠራተኛ መብት ነው። የመንግሥት ድጎማ ስላልሆነ በግሪን ካርድ ማመልከቻችሁ ላይ የመንግሥት ሸክም የሚያሰኝ ጥቅም ሆኖ አይቆጠርባችሁም። መባረሩን በተመለከተ፣ ክሌይም ስላስገባሽ ወይም ልታስገቢ ስለሆነ ብቻ ማባረር በቨርጂኒያ ሕግ የተከለከለ ነው፣ ከተደረገም ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። «ብቻ» የሚለው ቃል ግን ጠባብ ስለሆነ ሌላ ምክንያት አትፍጠሪላቸው። ስትቀሪ በደንቡ ደውለሽ ቅሪ፣ አታርፍጂ፣ ከማንም ጋር በቡድን መልእክት ላይ አትጨቃጨቂ። በብስጭትም ሥራ አትልቀቂ። ባለቤትሽ አሁንም ካልተረጋጋ አንድ ነገር ጠይቂው፦ ወገብሽ በራሳችሁ ወጪ ቢታከምና ስድስት ወር ሥራ ብትፈቺ ቤቱ በምን ይቆማል?

ኢንሹራንሱ እምቢ ቢል አትደንግጪ፣ የመጀመሪያ መልሳቸው እምቢ መሆኑ የተለመደ ነው። ክሌይምሽ ከገባ ጉዳዩ በኮሚሽኑ ዳኛ ፊት ይታያል፣ አስተርጓሚም ኮሚሽኑ ያቀርብልሻል፤ የባልሽን ወንድም ይዘሽ መሄድ የለብሽም። ጠበቃ ለመያዝ አሁኑኑ አትገደጂም፣ ማስታወቂያውንም ክሌይሙንም ራስሽ መሥራት ትችያለሽ። እምቢታ ከመጣ፣ ኦፕሬሽን ከተነሳ ወይም ኢንሹራንሱ በአንድ ጊዜ ከፍሎ ለመዝጋት ከጠየቀ ግን ሳትፈርሚ በዚሁ ዘርፍ የሚሠራ የቨርጂኒያ ጠበቃ አማክሪ። የጠበቃውን ክፍያ ኮሚሽኑ ማጽደቅ ስላለበት «አስቀድመሽ ይህን ያህል ሺህ አምጪ» የሚል ካጋጠመሽ ሌላ ፈልጊ።

ይህን የምታነቡና 30ኛው ቀን ያለፈባችሁም ተስፋ ቁረጡ አልልም። ለመዘግየቱ ኮሚሽኑ የሚቀበለው ምክንያት ካላችሁና አሠሪው በመዘግየቱ ካልተጎዳ በሩ አልተዘጋም፤ ግን ዛሬ ጻፉ። በአንድ ቀን አደጋ ሳይሆን በሥራው ጠባይ ቀስ በቀስ የመጣ የሥራ በሽታ ከሆነ ደግሞ የማስታወቂያው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ የሚቆጠረውም ሐኪም ምርመራውን ከነገራችሁ ቀን ጀምሮ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ የምትሠሩ የራሳችሁ ሕግ ስላላችሁ በዚህ ቀን አትቁጠሩ።

የቀረው የቅዳሜና እሁዱ ሥራ ነው። እዚያ አሮጊቷን ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማዟዟር ካለ ይህን ሳምንት ቀሪ። ወገብሽ ይጎዳል ብቻ አይደለም፤ ኢንሹራንሱ ሁለተኛ ሥራ እንዳለሽ ሲያውቅ፣ ማወቁም አይቀርም፣ «የተጎዳችው እዚያ ነው» ለማለት መንገድ ይከፈትለታል። ለሐኪሙ ሁለቱንም ሥራ ንገሪ፣ ገደቡም ለሁለቱም ይጻፍልሽ፤ የገደቡንም ቅጂ ለኤጀንሲው ስጪ። የአድጀስተሩ ጥያቄ ሲመጣም ሁለተኛ ሥራሽን አትደብቂ፣ ሊጠቅምሽም ይችላልና፦ በቨርጂኒያ ሁለት ሥራዎች ከተመሳሰሉ ደመወዛቸው ተደምሮ ሊሰላ ይችላል፣ ነርሲንግ ሆምና የቤት ለቤት እንክብካቤ ደግሞ ይቀራረባሉ። የሁለቱንም የ52 ሳምንት የደመወዝ ወረቀት ከአሁኑ ሰብስቢ።